ዝም ብሎ መግዛት
(ስለ ሙከራ ሳንቲሞችና ስለሚያውቅ ሰው ግዴታ)

አንድ ሰው ዋጋውን የማያውቀውን ዕቃ ሲሸጥ፣ ዋጋውን የሚያውቅ ገዢ ዝም ብሎ ቢገዛው በደል ፈጸመ ይባላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በየገበያው በየቀኑ ይነሣል፤ በየቀኑም ሳይመለስ ይታለፋል። ብዙዎቻችን «ገበያ ነው፤ ዐይኑን ከፍቶ ይሽጥ!» ብለን እንገላገለዋለን። ለሽንኩርትና ለበግ ይህ መልስ ይበቃ ይሆናል። እኔ ግን ጥያቄውን ላነሣው የምፈልገው መልሱ ከማይበቃበት ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም ከብርቅ ሳንቲሞች፣ በተለይም «የሙከራ ሳንቲም» ከሚባሉት ዘንድ።

የሙከራ ሳንቲም ማለት አንድ መንግሥት አዲስ ገንዘብ ለማውጣት ሲያስብ አስቀድሞ ለናሙና የሚያሳትመው ነው። ቀራጩ ምስሉን በብረት ማተሚያ ላይ ይቀርጻል፤ ከዚያም በናስ፣ በመዳብ፣ በአሉሚኒየም፣ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መዳብ ሲያጥራቸው እንዳደረጉት በመስተዋት ሳይቀር፣ ጥቂት ፍሬ ይታተማል። ሹማምንቱ ጠረጴዛ ከበው እያገላበጡ ያዩታል። «ይሁን» ያሉት ለሕዝብ ይወጣል፤ «ይቅር» ያሉት ይቀልጣል። መቅለጥ ሲገባው ሳይቀልጥ የቀረው ነው እንግዲህ ሰብሳቢ የሚሻማበት። እንግሊዞች ለንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ መልኩን የያዘ ገንዘብ አዘጋጅተው ሳለ፣ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1936 ዙፋኑን ለቀቀና ገንዘቡ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ቀረ። ከነዚያ ናሙናዎች አንዱ የወርቅ ሳንቲም በ2020 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። ልብ በሉ፤ ይህ ሳንቲም አንድ ዳቦ እንኳ ገዝቶ አያውቅም።

ወደ ሚሊዮኑ ሳንርቅ፣ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውን የራሳችንን ሰፈር ጉዳይ ላስቀድም።

አሞራ ገደልን የማያውቅ የሐዋሳ ተማሪ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ልጆቹ ቆሮሶውን ይገፉታል፤ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው አንጀቱ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። እዚያው ዛፍ ጥላ ሥር መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። መርፌና ክራቸውን የሚያኖሩባት ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት አሮጌ ሳንቲሞች ነበሩ። አንድ የዶርም ጓደኛችን፣ ስሙን አልጠራም፣ ከነዚያ መካከል ክቧን የ1936 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሳንቲም አየ።

«አባባ፣ ይቺን ይሽጡልኝ?»

«ምን ልታደርግልህ ነው ልጄ? አትሠራም እኮ።»

«እንዲያው ለማስታወሻ ነው።»

«እንግዲያውስ መቶ ብር ስጠኝና ውሰዳት።»

ጓደኛችን መቶ ብሩን ሰጠና ወሰዳት። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ላለ አንድ ሰብሳቢ በ4,000 ብር ሸጣት። ሲመለስም ዓሣ ጋበዘን። ክርክሩ የተነሣው እዚያ ገበታ ላይ ነው፤ ግማሹ «ጎበዝ!» አለው፤ ግማሹ ፊቱን አጠቆረበት። ዓሣውን ግን የተወ ሰው አላየሁም።

የክርክሩ አንድ ወገን እንዲህ ነበር። ጓደኛችን አልሰረቀም፤ አላስገደደም፤ ዋጋውን የቆረጡት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። ያቺን ሳንቲም ከሌሎቹ ለይቶ ለማወቅ ስንት ሌሊት አንብቧል! እውቀት ድካም ነው፤ ድካም ደግሞ ዋጋ ይገባዋል። የኢኮኖሚክሱ ልጅ እንዳለው «ሐኪምስ ያወቀውን በነጻ ይናገራል ወይ?» ሌላው ወገን ብዙ አልተናገረም፤ «እኚያ ሰውዬ ቢያውቁ ኖሮ በመቶ ብር ይሸጡ ነበር ወይ?» ብቻ አለ። ሁለቱም ወገን ትክክል ይመስላል። ችግሩም ይኸው ነው።

ይህ ክርክር ከኛ ዶርም በፊት በጥንት ፈላስፎች መካከል ተካሂዷል። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ቅ.ል.ክ. ለልጁ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ ይተርከዋል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ገብቷል፤ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ደረሰ። ሌሎች የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን እሱ አይቷል፤ የሮድስ ሰዎች ግን አላወቁም። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን (በርሜል ውስጥ ኖረ የሚባለው አይደለም፤ ሌላ ነው) «ያልተናገረ ሁሉ ደበቀ አይባልም፤ ሕግ የሚጠይቀውን ጉድለት ይናገር፤ ከዚያ በላይ ዕዳ የለበትም» አለ። ተማሪው አንቲፓጥሮስ ግን መምህሩን ተቃወመ። የሰው ልጅ ሁሉ የአንድ ማኅበር አባል ነው፤ የአንተ ጥቅም የሁሉ፣ የሁሉም ጥቅም የአንተ ሊሆን ሲገባው እንዴት ከወንድምህ ትሸሽጋለህ? የሚል ነበር ሐሳቡ። ሲሴሮም ወደ አንቲፓጥሮስ አዘነበለ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከእህሉ ይልቅ ለኛ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ አለ። አንድ ሰው ናስ የሸጠ መስሎት ወርቅ ቢሸጥ፣ ጨዋ ገዢ «ኧረ ይህ ወርቅ ነው» ይበለው ወይስ ሺህ ዲናር የሚያወጣውን በአንድ ዲናር ይግዛው? እንግዲህ ሽማግሌው፣ ቆርቆሮዋና ጓደኛችን ከነነፍሳቸው እዚያ ተጽፈው ቆይተዋል ማለት ነው።

እኔ ከፈላስፎቹ የምለየው በአንድ ነገር ነው። እህልም ወርቅም የራሱ ጠበቃ አለው። እህል ቢያንስ ይበላል። ወርቅ ቢያንስ ይመዘናል፤ የማያውቀው ሰው ነገ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ይዞት ቢሄድ ሚዛኑ ይነግረዋል። አያቶቻችን በጠገራ ብር ሲገበያዩ ያልተማረ ሰው እንዴት እንዳልተታለለ ይህ ይገልጽልናል። ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ መልኳን የያዘው ገንዘብ ግን ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደ ተሸከመ ከመቶ ዓመት በላይ ለሀገራችን ገበያ ሲታተም ኖረ። አንድ ጠገራ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከመቶ ሰማንያ ሦስቱ እጅ ጥሩ ብር ነው። ባላገሩ ላቲንኛ አያነብም፤ ንግሥቲቱ ማን እንደሆነችም ግድ አልነበረውም። ነገር ግን በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ይቆጥራል፤ ያንጫርራል፤ በእጁ ይመዝናል። ያልተማረው ሰው መከላከያው ማዕድኑ ውስጥ ነበር። ጠገራው አንጥረኛ ዘንድ ቀልጦ መስቀል ወይም ድሪ ቢሆንም ዋጋው ብዙ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላምልጥ፤ ምክንያቱም የሀገራችን የገንዘብ ታሪክ ራሱ አንድ ረጅም ሙከራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ቁጥር መልካቸውንና አንበሳውን የያዘ ብር ፓሪስ ላይ አሳተሙ። ክብደቱና ጥራቱ ከጠገራው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው የተሠራው። ሹማምንቱ «ይሁን» ብለውታል፤ ገበያው ግን ወዲያው «ይሁን» አላለም። ከከተማ ርቆ ያለው ሰው ለብዙ ዓመታት ያችን የሞተች ንግሥት መረጠ። ጣልያንም እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ብላ የማሪያ ቴሬዛን መሳይ ሴት ያለችበት ታለር አሳትማ ነበር፤ ሕዝቡ አየና ሳይቀበለው ቀረ። ይህ ነው እውነተኛው ሙከራ! በሦስት ሹም ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በሺህ ሰው መዳፍ ላይ የሚደረግ። የሽማግሌው ክብ ሃያ አምስት ሳንቲምም የዚሁ ታሪክ ቁራጭ ናት። ከነጻነት በኋላ በወጣው የ1936 ዓ.ም. ገንዘብ ስሙኒዋ መዳብማና ክብ ነበረች፤ ሽልንጓ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሟ ደግሞ ጥሩ ብር ነበረባት። መጠናቸው ይቀራረባል፤ በሁለቱም ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክና አንበሳው አለ። ብልጣብልጡ ምን አደረገ? ስሙኒዋን በብር ቀለም እየለበጠ በሽልንግ ዋጋ መነዘራት። መንግሥትም ክቧን ሰብስቦ በምትኳ ዙሪያዋ እንደ አበባ ጠርዝ የሆነችውን አወጣ፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት ዳብሰው እንዲለዩዋት። ክቧ ስሙኒ ሰብሳቢዎች በጥብቅ አነጋገር «የሙከራ ሳንቲም» የሚሏት ዓይነት አይደለችም፤ ገበያ ወጥታለችና። ግን ተሞክራ የወደቀች ናት፤ ውድም ያደረጋት መውደቋ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። የዚህች ሳንቲም ዋጋ የት ነው ያለው? መዳቧ ቢቀልጥ ምንም አያወጣም። ጽሕፈቷ «ሃያ አምስት ሳንቲም» ይላል፤ ዛሬ ደግሞ በሃያ አምስት ሳንቲም የሚገዛ ነገር የለም። ሽማግሌው «አትሠራም» ያሉት እውነታቸውን ነው። እንግዲህ 4,000 ብሩ የተከፈለው ለምኑ ነው? ለታሪኳ ነው። «ክብ ነበረች፤ ለበጧት፤ ተሰበሰበች፤ ይህቺ አመለጠች» ለሚለው ታሪክ። የሙከራ ሳንቲም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አሉሚኒየሙ ምንም፣ የጽሕፈት ዋጋው ምንም፣ አገልግሎቱ ምንም። ዋጋው ከላይ እስከ ታች ወሬ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች የምኒልክን አንበሳ ግራ እግሩን ያነሣውንና ቀኝ እግሩን ያነሣውን ለይተው ያስቀምጣሉ። በሬ የሸጠበት ገበሬ አንድም ቀን የአንበሳውን እግር አላየም፤ ማየትም አላስፈለገውም፤ ብሩ በሁለቱም እግር ያው ብር ነውና።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ዲዮጋን ያላሰበው ይመስለኛል። እህል ሻጩ ዝም ሲል የሚደብቀው ስለ ዕቃው አንድ ወሬ ነው፤ ዕቃው ራሱ ግን በገዢው ፊት ተዘርግፏል። የሳንቲም ሰብሳቢ ዝም ሲል የሚደብቀው ዕቃውን ራሱን ነው! ምክንያቱም ዕቃው ታሪኩ ነው። ሽማግሌው የሸጡት አንዲት ክብ መዳብ ነው፤ ጓደኛችን የገዛው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሌላ ነገር ደግሞ ለሽያጭ አልቀረበም፤ ባለቤቱም እንዳለው አላወቀም። ሁለት ሰዎች በአንድ ዋጋ ሁለት የተለያየ ነገር ሲገበያዩ ስምምነት አለ ልንል እንችላለን? «ዋጋውን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይፈርሳል። እሳቸው የቆረጡት የመዳቧን ዋጋ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ክርክሩ ላይ ማንም አላነሣውም። ጓደኛችን «ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም» ይላል። ሽማግሌው ግን ጠይቀውት ነበር፤ «ምን ልታደርግልህ ነው ልጄ?» ብለው። ይህ ጥያቄ የሽማግሌ ጨዋታ አይደለም፤ ታሪኳን ነው የጠየቁት። መልሱም «ለማስታወሻ» ሆነ። ዝምታ በራሱ ብዙ አይቆምም፤ አንድ ጥያቄ ሲገፋው ምርኩዝ ይፈልጋል፤ ምርኩዙም ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። እርግጥ ትንሽ ውሸት ነች። ግን 3,900 ብር የተንጠለጠለባት ትንሽ ውሸት ነች።

«ድካም ዋጋ ይገባዋል» ለሚለው እኔም እሺ እላለሁ። ጓደኛችን ባያያት ኖሮ ያቺ ሳንቲም ቆርቆሮዋ ውስጥ ዝጋ ትቀር ነበር፤ ወይም አንዱ የልጅ ልጅ ሐይቁ ላይ ሲያንሸራትታት ትሰጥም ነበር። አውቆ ያዳናት እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ የሄደውም እሱ ነው። ሰብሳቢዎችን እንደ ቀማኛ የሚያይ ሰው አሮጌ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ያላየ ሰው ነው። ነገር ግን የድካም ዋጋ ማለት ድርሻ ማለት ነው፤ ጠቅላላውን መውሰድ ማለት አይደለም። ሐኪሙም እኮ ምሳሌው ሲመረመር ለኛ ነው የሚመሰክረው። ሐኪም ለእውቀቱ ይከፈለዋል፤ በሽተኛውን ግን «ምንም የለብህም» ብሎ ኩላሊቱን አይገዛውም።

«እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ተረት ነው» ብላ አንዲት ልጅ ስትስቅብኝ የነገርኳትን ለአንባቢም ልንገር፤ ታሪኩ በቀጥታ የሙከራ ሳንቲም ነውና። እ.ኤ.አ. በ1973 የመዳብ ዋጋ ስለ ናረ አሜሪካኖች አንድ ሳንቲማቸውን ከአሉሚኒየም ለመሥራት አሰቡ። የ1974 ቁጥር ያለባቸው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚያልፉ ናሙናዎች አተሙ፤ ጥቂቶቹንም ለምክር ቤት አባላት እንዲያዩዋቸው ሰጡ። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። ከሚቃወሙት መካከል የሕፃናት ሐኪሞች ነበሩበት፤ ልጅ ቢውጠው በራጅ በደንብ አይታይም ብለው። የቀረው ቀለጠ፤ ለማየት የተሰጡት ግን ሁሉም አልተመለሱም። ብዙ ዓመት አለፈና አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን የሳንቲም ከረጢት ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአንድ ሳንቲም ነጋዴ በ300 ዶላር ገደማ ሸጠ። አባቱ የዴንቨር ማተሚያ ቤት ምክትል ኃላፊ የነበረ ነው። ከረጢቱ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ የአሉሚኒየም ሳንቲም ተገኘ፤ ግምቱም በመቶ ሺዎች ዶላር ሆነ። ነጋዴው ምን አደረገ? ሻጩን ፈልጎ ነገረው፤ ሁለቱም በሽርክና በጨረታ ሊሸጡት ተስማሙ። ሽያጩ እኮ አልቋል፤ ሕግ አያስገድደውም! አንቲፓጥሮስ ቢሰማ ደስ ባለው። ይሁንና በ2014 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት «ሳንቲሙ የኔ ነው፤ ከማተሚያ ቤት እንዲወጣ የፈቀደ የለም» ብሎ ተነሣ። ሙግት ገጠሙ። በ2016 ሁለቱም ሳንቲሙን አስረክበው ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ይህ መጨረሻ ጓደኛችንን ደስ አሰኘው፤ «አየህ፣ ጨዋነት ድምቡሎ አላተረፈለትም» አለኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። የመንግሥት ጠበቆች ያነሡት ጥያቄ ከሻጭና ከገዢ ያለፈ ነው፤ ሙከራው የማን ነው? ሳንቲም የሚታተመው በሕዝብ ስም ነው። ከአክሱም ዘመን የመዳብ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ላይ በግሪክ ቋንቋ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሕፈት አለ። ንጉሡ ገንዘቡን ሲያወጣ ሀገሩን ደጅ ይጠናል ማለት ነው! በሥልጣኑ ያስገድዳል ስንል እሱ ይለምናል። የሙከራ ሳንቲም እንግዲህ ለሀገሩ ተዘጋጅቶ ሀገሩ ፊት ሳይቀርብ የቀረ ልመና ነው። ከዚያ ወዲያ በአንድ ሀብታም ካዝና ውስጥ ሲቆለፍ ያልተጠየቀው ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። የኛን አሮጌ ገንዘብ በሥዕል እንጂ በዐይናችን ያየን ተማሪዎች ስንቶች ነን? አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሄደ ያይ ይሆናል፤ የቀረነው ከስልክ ላይ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በቆርቆሮና በኪስ መካከል ያለችውን አንዲት ስሙኒ ግን ማን ያያታል?

ስለዚህ መንግሥት ይውረሳት ልል ነው? አልልም። መንግሥት ቢወርሳት ሽማግሌው መቶ ብሩንም አያገኙም ነበር፤ ድሃ ቆርቆሮውን ከፍቶ ማሳየቱንም ይተው ነበር። የሀገር ያልኩት ታሪኩን ነው። ሳንቲሙ የገዛው ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ግን በገዢው ጆሮ ብቻ ሊቀር አይገባም። ከማንም በፊት ደግሞ ሊሰሙት የሚገባቸው አርባና ሃምሳ ዓመት ሳያውቁት በመርፌና በክር መካከል የጠበቁት ሰው ናቸው።

የተረፈው ሒሳብ ነው፤ ዶርም ውስጥ እስካሁን እየተጨቃጨቅንበት ነው። የሕግ ተማሪዋ እኩል ይካፈሉ ትላለች። የኢኮኖሚክሱ ልጅ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የጋበዘን ዓሣ ሳይቀር ይቀነስ ይላል። እኔ ከተረፈው ሁለት እጁ ለሽማግሌው፣ አንድ እጁ ለእሱ ይሁን ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም እሱ የደከመው ለሳምንታት ስለ ሆነ ነው። ጓደኛችን ሦስታችንንም ሰማንና «አሁን ሄጄ ብነግራቸው እኮ አታለልከኝ ይሉኛል» አለ። ይሉት ይሆናል። ይህን የመፍራት መብት ግን ከመቶ ብሩ ጋር አብሮ የተሸጠለት አይመስለኝም።